«እመቤት፣ አስቀድመው እርስዎ ይንገሩኝ»፦ ወጣቱን ወደ ፖሊስነት የሚስበው ምንድን ነው?

(ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ የተቀዳውን አዳምጬ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ቀንሼ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ!

ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁ አልደረሰኝም። እንደምን ዋላችሁ? … እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ልጆቼ፤ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ልብስ አጠባ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። ያን ሁሉ ትቶ እዚህ መቀመጥ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ወጣቱን ወደ ፖሊስ ሙያ የሚስበው ምንድን ነው?» ይላል። እኔ በ1987 ዓ.ም. ተቀጥሬ በ2014 ጡረታ ወጥቻለሁ። ከተራ ፖሊስነት ተነስቼ ዋና ኢንስፔክተር ሆኜ ነው የጨረስኩት። የጣቢያ ኃላፊነት ከደረሰኝ በኋላ አንድ ልማድ ነበረኝ። አዲስ ተመራቂ ሲመደብልን የመጀመሪያ ቀን ሻይ እጋብዘዋለሁ፤ ከዚያ «ምን አመጣህ?» እለዋለሁ። ሴት ከሆነች «ምን አመጣሽ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «አገሬን ላገለግል» ይላሉ። ሁለተኛው ሻይ ላይ እውነቱ ይመጣል። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ሁለተኛው ሻይ ላይ የሰማሁትን ነው።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ ስለ እንጀራ፣ ሁለተኛ ስለ ልብስ፣ ሦስተኛ ስለ ቁስል። ሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ። ከሁሉ በፊት ግን እኔን ራሴን ምን እንዳመጣኝ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ጠይቄ የራሴን ብደብቅ ተገቢ አይሆንም።

የተወለድኩት ኮምቦልቻ ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ማለት የአሰብ መንገድ ማለት ነበር። ተሳቢ መኪኖች ከወደብ ተነስተው በሚሌ፣ በባቲ አድርገው እኛ ጋ ሲደርሱ ሾፌሩም ረዳቱም ውሃ ጥማት ይዞት ነው የሚወርደው። እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። በራችን ላይ በረጅም እንጨት የተሰካ ጣሳ ነበር፤ ጠላ ቤት መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። አባቴ እኔ ሳልናገር ነው የሞተው። እናቴን ሰው ሁሉ «አንቺ» ነበር የሚላት። ሕፃኑም፣ ሰካራሙም፣ የቀበሌው ሹምም «አንቺ ጠላ ሻጭ» ነው የሚላት። እሷም ለምዳዋለች፤ እኔም ስሟ የሆነ ያህል ለምጄዋለሁ።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ ማታ አንድ ሰው ጠጥቶ ጠጥቶ «አልከፍልም» አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ገፈተራት። ዞር ብሎ ጋኑን በእግሩ መታው። ጋኑ ተሰበረ፣ የሳምንት ጠላ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እንጨቱ፣ ውሃው፣ የእናቴ ወገብ፣ ሁሉም አፈር ጠጣው። እናቴ ምን አለች መሰላችሁ? «በሕግ አምላክ!» አለች።

እናንተ ልጆች ይህን ቃል የምታውቁት ከድሮ ድራማ ይሆናል። አያቶቻችሁን ጠይቁ። በድሮው ጊዜ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ካለ የተባለው ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ፖሊስ የለም፣ ካቴና የለም። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ጠመንጃ የያዘ ሳይጎትታቸው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዱ ነበር። ጌታውንም ድሃው በዚያ ቃል ያቆመው ነበር ይባላል። ቃሉ ብቻውን ዘብ ነበር።

ያን ማታ ግን ሰውየው አልቆመም። ሳቀ። ጠጪዎቹም ዝም አሉ።

ከዚያ አንድ ሃምሳ አለቃ መጣ። ያኔ የፖሊስ ማዕረግ እንደ ጦሩ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል ነበር የሚባለው። ጎረቤት ሮጦ ጠርቶት ነው። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ቆቡን አወለቀ። እኔ «አሁን ይመታዋል» ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲመታውም ፈልጌ ነበር። አልመታውም። ሰውየው ጮክ ብሎ ማውራት ሲጀምር እጁን እንዲህ አድርጎ ዘረጋና ዝም አሰኘው። ወደ እናቴ ዞረ። «እመቤት፣ አስቀድመው እርስዎ ይንገሩኝ» አላት።

እርስዎ።

እናቴ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ሌላ ሴት የገባች መስሏት ነው። ልጆቼ፣ እናቴ ያን ማታ ዞር ብላ ያየችበትን አንገት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይዤው ሠርቻለሁ። የጋኑ ካሳ ተከፍሎ ይሁን አይሁን ዛሬ አላስታውስም። «እርስዎ» የተባለችውን ግን አልረሳሁም። ፖሊስ ለመሆን ያን ማታ ወሰንኩ።

አሁን ወደ ነጥቦቼ ልመለስ። አንደኛው እንጀራ ነው።

ሁለተኛው ሻይ ላይ አብዛኞቹ የሚሉኝ ይህንኑ ነው። «ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ።» «አባቴ ታሟል፣ ታናናሾች አሉኝ።» «ፈተናው አልመጣልኝም።» የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ? ከተፈተነው ልጅ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በዓመቱ 3.2 በመቶ ሆነ። በየሰፈሩ ልቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የተወሰኑት በሪሚዲያል ዕድል አገኙ፤ የቀረው ልጅ የት ይግባ? ደላላ አለ፣ የስደት መንገድ አለ፣ ቁማር ቤት አለ። የቅጥር ማስታወቂያም አለ፦ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ቁመት፣ ጤና፣ ከወንጀል ነፃ የሆነ። በዚያ ሰሞን ማስታወቂያው ሥር የቆመውን ልጅ «ለእንጀራ ነው የመጣው» ብሎ የሚንቅ ሰው ርቦት አያውቅም።

ፖሊስ ቤት ወር ሲደርስ ደሞዝ አለ። ስልጠና ላይ ቀለቡም መኝታውም የመንግሥት ነው። ጡረታ አለ። ደሞዙ ትልቅ ነው አላልኩም። ተከራይቶ የሚኖር ኮንስታብል ወር ሲጋመስ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔም ሆኜዋለሁ። ግን እርግጠኛ ነገር ነው። እርግጠኛ ነገር ደግሞ ለድሃ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2004 የታተመ አንድ ጥናት በኒውዮርክ የፖሊስ አካዳሚ የነበሩ 278 ምልምሎችን «ለምን ገባችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ከፊት የመጡት መልሶች ሰውን መርዳት፣ የሥራ ዋስትናና ጥቅማ ጥቅም ናቸው። ነጩም ጥቁሩም፣ ወንዱም ሴቷም ተቀራራቢ መልስ ነው የሰጡት። አያችሁ? በዚያ ሀብታም ከተማ ያለ ልጅም ስለ ሰውና ስለ እንጀራው አንድ ላይ ነው የሚያስበው። እንጀራና አገልግሎት ተጣልተው አያውቁም።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እንጀራን ብቻ ይዞ የመጣ፣ ሌላ ምንም ያላነገበ ልጅ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ የታጠፈ ብር በመንጃ ፈቃድ መሃል ሲቀርብለት ምን ይመልሳል? እንጀራ ፍለጋ ነው የመጣው፤ ያ የታጠፈው ብርም እንጀራ ይመስላል። አቅራቢያው ሌላ ነገር ከሌለ ይወስዳል። ስለዚህ ለእንጀራ ኑ፣ ግን ለእንጀራ ብቻ አትምጡ።

ሁለተኛው ልብስ ነው።

ልብስ የምለው ዩኒፎርሙን፣ ሰልፉን፣ ማርሹን፣ ሁሉንም ነው። በኔ ልጅነት ካኪ ነበር። በኋላ ሰማያዊ ዥጉርጉሩ መጣ። ሰልፍ ሲያልፍ ልቡ የማይመታ ልጅ የለም። በዚህ መንገድ የመጣ ሰውም አይናቅም፤ ፖሊስ ሠራዊት የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ዓለማየሁ እሸቴ መድረክ የጀመረው እዚያ ነው፣ ሂሩት በቀለም ከዚያው ናት። በኳስና በሩጫ የመጣም ብዙ ነው፤ የፖሊሱን ክለብ የኦሜድላን ስም አባቶቻችሁ ያውቁታል። እኔ የማውቃቸው ሁለት ልጆች ጥሩንባ ለመንፋት ተቀጥረው ጎበዝ መርማሪ ሆነው ወጥተዋል።

ለሴት ልጅ ደግሞ ልብሱ ሌላ ትርጉም አለው። እኔ ዩኒፎርም ሳልለብስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ስሄድ የሚወረወርብኝን ቃል አውቀዋለሁ። ለብሼ የወጣሁ ቀን ያው መንገድ፣ ያው ጎረምሳ፣ ዝም አለ። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ሁለተኛው ሻይ ላይ «እመት፣ እኔ የመጣሁት በመንገድ በሰላም ለመሄድ ነው» ብላኛለች። በሰላም ለመሄድ! ሴት ልጅ በሰላም ለመሄድ ፖሊስ መሆን ካለባት፣ እኛ ፖሊሶቹ ሥራችንን አልሠራንም ማለት ነው። መልሷ ለዓመታት ሲቆረቁረኝ ኖሯል።

ከዚህ በላይ ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ከድሮው የከተማ ጠባቂ ከአራዳ ዘበኛ ጀምሮ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ አልፎ፣ በፖሊስ ማሠልጠኛዎቹ በአባ ዲና፣ በሰንዳፋ፣ ስንት ልብስ፣ ስንት ማዕረግ፣ ስንት አርማ ተቀያይሯል። ሃምሳ አለቃው ሳጅን ተባለ። እናቴ ቤት የገባው ሰውዬ የለበሰው ልብስ ዛሬ የለም። ቆቡን አውልቆ መግባቱ ግን አለ።

ሦስተኛው። ሦስተኛው ቁስል ነው። እዚህ ላይ አድምጡኝ፣ በተለይ ልጆቼ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና አድምጡኝ።

ሁለተኛው ሻይ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የሚነግሩኝ አሉ። «እናቴ ስትዘረፍ አይቻለሁ።» «እህቴን አንድ ሰው አበላሽቷት በነፃ ሄደ።» «ወንድሜን ገደሉት።» እነዚህ ልጆች በደል ነው ያመጣቸው። እኔም ከእነሱ ነኝ፤ የተሰበረ ጋን ነው ያመጣኝ። ብዙ ሰው እነዚህ ምርጥ ፖሊስ ይሆናሉ ይላል። እውነት ነው፣ ይሆናሉ። ከእነሱ የከፋም የለም። የተበደለ ልጅ ሁለት ነገር ሊፈልግ ይችላል፤ አንዱ «እንደኔ ማንም አይበደል» ነው፣ ሌላው «አሁን ደግሞ እኔን ይፍሩኝ» ነው። ሁለቱም ከአንድ ቁስል ነው የሚወጡት፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ አንድ ልብስ ነው የሚለብሱት። ሲመለመሉ በመልክ አይለዩም። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ልጅ ውስጥ ናቸው።

ታሪኩን ልንገራችሁ። የጣቢያውን ስም አልናገርም፣ የልጁንም ስም አልናገርም። የራሴን ጥፋት ግን እናገራለሁ።

አንድ ኮንስታብል ነበረኝ። ፈጣን፣ ንጹሕ፣ አንድ ቀን አርፍዶ የማያውቅ። እናቱ በአውቶብስ ተራ የመርካቶ ሸቀጥ ልትገዛበት የያዘችውን ብር፣ የዕቁብ ብር፣ ተነጥቃ ታማ ነው የሞተችው። «ሌባ አልወድም» ይለኝ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ። እኔ ደግሞ «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» እለው ነበር። ጥሩ አልነበረም። ያን ጊዜ ልይዘው፣ ላናግረው፣ ቁስሉን እንዲያወራው ላደርገው ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ሞባይል ነጠቀ ተብሎ አንድ ልጅ መጣ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሊስትሮ ይሠራል። ጠቋሚው «እሱ ነው፣ ሲሮጥ አይቼዋለሁ» አለ። እኔ በሚቀጥለው ክፍል የዕለት ሁኔታ መዝገብ እጽፍ ነበር። ጥፊ ሰማሁ። አንድ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ። እስክሪብቶዬን አላቆምኩም። ልጆቼ፣ እስክሪብቶዬን አላቆምኩም። መስመሩን ጨረስኩ፣ ነጥቡን አደረግሁ፣ ወደሚቀጥለው መስመር ወረድኩ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮንስታብሉ መጥቶ «አምኗል፣ ግብረ አበሩንም ነግሮኛል» አለኝ። ደስ ብሎታል። ግብረ አበር የተባለው ሌላ ልጅ መጣ፤ እሱም አለቀሰ። አመሻሽ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት ስልክ ይዞ ጣቢያ ገባ። «ወንበር ሥር ወድቆ አገኘሁት፣ ሲደወል አንስቼ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት» አለ። ያው ስልክ ነበር። ማንም አልሰረቀውም።

አያቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ሰምታችኋል? ዕቃ ሲጠፋ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ይሰክራል። ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሲሄድ ሲሄድ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ይከፍላል። ዛሬ ስንሰማው ይገርመናል፤ «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያምናሉ?» እንላለን። ያን ቀን ጣቢያዬ ውስጥ የሆነው ምንድን ነው? አንድ ልጅ በጥፊ አሰከርነው። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀው ጓደኛው ቤት ነው። የጓደኛውን ስም ጠራ። ሌባ ሻይ አልቀረም ማለት ነው። መድኃኒቱን በእጃችን ተክተነዋል።

ሕጉ ይህን አያውቅም እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው፤ እኔ በተቀጠርኩበት ዓመት። አንቀጽ 19ን ስልጠና ላይ በቃሌ ነው የያዝኩት። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ደግሞ በምርመራ ላይ ሰውን የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ወንጀለኛ ነው ይላል። አውቀው ነበር። ኮንስታብሉም ያውቀው ነበር፤ ፈተናውን አልፎ ነው የተመረቀው። ታዲያ ማወቃችን የት ሄደ? የእናቱ ብር ከእውቀቱ በልጦበታል። የእኔ ምቾት ከእውቀቴ በልጦብኛል።

ማታ የልጁ እናት መጣች። ነጠላዋ ጫፉ ተቀዷል። በር ላይ ቆማ «ልጄ አለ?» አለች። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «አንቺ፣ እዚያ ጋ ቁጭ በይ» አልኳት።

«አንቺ።» ከአፌ ወጥቶ ነው የሰማሁት። ሴትየዋ ምንም አልመሰላትም፤ ለምዳዋለች። ሄዳ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የኮምቦልቻው ቤታችን፣ የፈሰሰው ጠላ፣ እናቴ ዞር ብላ ያየችው፣ ሁሉም መጣብኝ። ያን ሃምሳ አለቃ ልሆን ነው ከቤት የወጣሁት። እዚያ በር ላይ ግን የቀበሌውን ሹም ሆኜ ነው የቆምኩት።

ተነሣሁ። አጠገቧ ሄጄ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጅዎ አልሰረቀም፣ እኛ ነን ያጠፋነው» አልኳት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጥፊውን፣ መስማቴን። ለአለቃዬም ጻፍኩ፤ ኮንስታብሉም እኔም ተጠየቅን፣ የሚገባንን ቅጣት ተቀበልን። ሴትየዋ መልስ አልሰጠችኝም። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በዚያው ሰፈር ሊስትሮ ሠርቷል። ዩኒፎርም ካየ መንገድ ይሻገር ነበር። እኔ በዚህ በኩል ስመጣ እሱ ሳጥኑን አንሥቶ በዚያ በኩል ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያ ልጅ ብርቱ ነበር፣ ታማኝ ነበር፣ ሰፈሩን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል። ጥሩ ፖሊስ ይወጣው ነበር ብዬ አስባለሁ። ማን ከለከለው?

ስለ ኮንስታብሉም ልንገራችሁ፤ ልባችሁ እንዳይጠላው። ከዚያ ቀን በኋላ እየጠራሁ አናግረው ጀመር። ስለ እናቱ አወራኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ተረኛ ሳንሆን፣ ሻይ እየጠጣን። ለካ ቀብሯን እንኳን በወጉ አላለቀሰም። ዓመት ያህል ፈጀብን። በኋላ የሕፃናትና ሴቶች ጉዳይ ላይ እንዲመደብ ራሱ ጠየቀ። የሚጠይቀውን ልጅ መሬት ቁጭ ብሎ ነው የሚያናግረው፤ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ልጁ ቀና ብሎ እንዳያየው።

ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ልጅ ሲያስቸግር ምን ትሉታላችሁ? «ፖሊስ እጠራልሃለሁ!» አትሉም? እጅ ላውጣ፣ እኔም ብያለሁ፤ ለገዛ ልጄ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፖሊስን ከጅብ እኩል ያውቀዋል። ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው «ፖሊስ ልሆን ነው» ሲላችሁ ትደነግጣላችሁ። «ልጄን ለጥይት?» ትላላችሁ። እናቴም «ሴት ልጅ ጠመንጃ ይዛ ማን ያገባታል?» ብላኝ ነበር። ፍርሃታችሁን አልንቀውም። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ደውለውላቸው፣ ለሰው ሊደርሱ ወጥተው አልተመለሱም። ይህን ደብቄ ልጆቻችሁን አልጠራም። ፋሲካ ሁላችሁ ስትፈስኩ፣ ዒድ ሁላችሁ ስትዘያየሩ፣ ፖሊስ ተጠንቀቅ ላይ ነው። ከቤተሰቡ ርቆ፣ የማያውቀው አገር፣ ቋንቋውን በማይችለው ሕዝብ መሃል ይመደባል። ሰልፍና ግርግር ባለበት ከፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ አንዳንዴ ከፊቱ የቆመው የራሱ የእድሜ እኩያ ነው። ያን ቀን የሚያስፈልገው ትዕግሥት በሥልጠና ብቻ አይገኝም፤ ከቤታችሁ ይዞት መምጣት አለበት።

ልጁን የምትጠይቁት ግን «ትሞታለህ?» ብላችሁ ብቻ አይሁን። «ማንን ለመምሰል ነው?» በሉት። ይህን ጥያቄ ከልብ ጠይቁት። ምክንያቱም በሃያ ሰባት ዓመቴ ያየሁት ይኸው ነው፦ ከመጡት ውስጥ የቆዩት፣ ሳይበላሹ የቆዩት፣ አንድ ሰው አይተው የመጡት ናቸው። አጎታቸው ይሆናል፣ የሰፈራቸው ትራፊክ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሕፃናት የምታሻግር ፖሊስ ትሆናለች፣ ጠላ ቤት ጎንበስ ብሎ የገባ ሃምሳ አለቃ ይሆናል። እንጀራም ያመጣል፣ ልብስም ያመጣል፣ ቁስልም ያመጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማንም በማያይህ ቦታ፣ የተያዘ ሰው ፊትህ ሲቆም እጅህን የሚይዘው ግን ያ ያየኸው ሰው ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ይለጠፍ። ነገር ግን በየጣቢያው በር ላይ አቤቱታ ይዛ የመጣችን ሴት የሚቀበላት ፖሊስ በየቀኑ ይመለምላል ወይም ያባርራል። አጠገቧ ልጇ ቆሞ ያያል። የሚያየው ልጅ አሥር ዓመቱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ፎርም የሚሞላው፣ ወይም መንገድ የሚሻገረው፣ እሱ ነው። እዚህ መካከል በሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ይህን ለእናንተ ነው የምለው፤ በፍቅር ነው የምለው።

ልጆቼ፣ ልጨርስ ነው። መመዝገቢያው ጠረጴዛ በር ላይ ነው፣ ፎርሙም አለ። ዛሬ አትሙሉት። አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ወደ ሰፈራችሁ ጣቢያ ሂዱ። ፈቃድ ጠይቁ፤ ለማየት መጣሁ በሉ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስነት ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚሠሩት አይከለክሏችሁም። አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ማንንም አታናግሩ፣ ስልክ አታውጡ። የሚገባውን ሰው እዩ። ዕቃ የጠፋበት አለ፣ የተደበደበች አለች፣ ታስሮ የሚመጣ አለ። እያንዳንዱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ስሙ። አንተ ነው የተባለው? አንቺ ነው? እርስዎ ነው? ከዚያ ወንበሩ ላይ እኔ ብሆን ኖሮ ምን እል ነበር ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን ይዛችሁ ኑና ፎርሙን ውሰዱ። ወይም ተዉት፤ ሁለቱም ያስከብራችኋል።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። … ብዙ እጅ አያለሁ፤ ወንዶቹ ቆዩ፣ ይደርሳችኋል። ከኋላ፣ በበሩ በኩል የተቀመጡት፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ የለበሱት እናት ከሁሉ ቀድመው ነው እጃቸውን ያወጡት። ማይኩን አድርሱላቸው። እመቤት፣ አስቀድመው እርስዎ ይጠይቁ።